ደሴ ላይ ጋቢ ያስጣለ የመጋቢት ሙቀት፤ ጥያቄዬና የመጡት ምላሾች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ በሩቅም ያላችሁ ወሎዬዎች። ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካለው ቤቴ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል፤ መስኮቱ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ ባደግኩበት ደሴ መጋቢት ማለት ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ጉም የሚለብስበት፣ ካፊያ የሚወርድበት፣ ማታ ጋቢ ደርበን ቡና የምንጠጣበት ወር ነው። ዘንድሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው። ከቀትር በኋላ ዳመና ብቅ ይላል፣ ያጓጓናል፣ ከዚያ ብትን ብሎ ይጠፋል።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ለደሴ 31 ዲግሪ አሳየኝ። ኮምቦልቻ ያለችው እናቴ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች። ኩታበር ያለው አጎቴ የበልግ ገብሱን ዘርቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ስደውልለት ስለ ሙቀቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የጠየቀኝ ደሴ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። እውነት ደሴ 31 ዲግሪ ገባች? በዚህ ወር እንዲህ መሞቁ የተለመደ ነው? በሚቀጥሉት ሳምንታትስ ምን እንጠብቅ? ትንበያ ማንበብ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ በቀላል አማርኛ አስረዱን።

ምላሾቹ

በአምስት ቀን 34 ምላሽ መጣ። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብደው እዚህ በቅደም ተከተል አሰባስቤዋለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም። የተማርኩበትን አስረዝሜ፣ ያልጠቀመኝን አሳጥሬ፣ የራሴንም ሐሳብ ጣል እያደረግኩ ነው የማወራው።

1ኛ። የመጀመሪያዋ ሰኞ ገበያ ሱቅ ያላት እህት ናት። እንደ ወሎ ወግ አብሽሩ ብላ ጀመረች። ለክረምት ያስቀመጠችው ጃንጥላ በመጋቢት ለፀሐይ እየተሸጠ መሆኑን ነገረችን። ሙቀቱ ለእኔ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ አረጋገጠችልኝ።

2ኛ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ወጣት ነው። ደሴ መስኮት በከፈተችበት ሰሞን እነሱ ሰፈር ፍራሽ አውጥቶ በረንዳ ላይ መተኛት ከተጀመረ መሰንበቱን ጻፈ። ቀጥሎ ያነሳው ነገር ግን ክብደት አለው። ኮምቦልቻ ላይ ዋናው ሙቀት የሚመጣው ግንቦትና ሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። መጋቢት ላይ እንዲህ ካቃጠለ ግንቦት እንዴት ሊሆን ነው የሚለው አስጨንቆታል።

3ኛ። ይህ ምላሽ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ነበረው። የጻፈው ሚቲዎሮሎጂ የተማረ ልጅ ነው። በትህትና አረመኝ። ስልኬ ያሳየኝ 31 ደሴ ላይ በመሣሪያ የተለካ ቁጥር አይደለም። የስልክ መተግበሪያ የሚሰጠው ምድርን በሳጥን በሳጥን ከፍሎ ኮምፒውተር የሚያሰላውን ግምት ነው። አንዱ ሳጥን 10፣ አንዳንዴም 25 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። እኛ አገር 25 ኪሎ ሜትር ማለት ደግሞ ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መግባት ማለት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ፤ ደረቅና ፀሐያማ ቀትር ላይ ወደ 6 ሊጠጋ ይችላል። ኮምፒውተሩ የጦሳን ተራራና የቦርከናን ሸለቆ ባንድ ሳጥን ጨፍልቆ አማካዩን ከሰጠ ቁጥሩ ለደሴ ይበዛል፣ ለኮምቦልቻ ያንሳል። ይህን ካስረዳ በኋላ ሙቀቱ ውሸት ነው ማለቱ እንዳልሆነ አከለ። 26 ዲግሪ ራሱ ለደሴ መጋቢት ትልቅ ቁጥር ነው።

4ኛ። አንድ የሆጤ ነዋሪ አልተቀበለውም። ቤቱ በረንዳ ላይ የሰቀለው ቴርሞሜትር 33 አሳይቶታል። ኮምፒውተር ቢሳሳት መሣሪያ አይሳሳትም ብሎ ሞገተ። ድምፁ ትንሽ ጠንከር ያለ ነበር።

5ኛ። 3ኛው ተመልሶ መጣና መሣሪያው የት እንደተሰቀለ ጠየቀው። ትክክለኛ የአየር ሙቀት የሚለካው በጥላ ስር፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ንፋስ በሚያስገባ ነጭ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ በሣር ላይ ነው። ፀሐይ የመታው ግድግዳና ቆርቆሮ አጠገብ ከተሰቀለ የሚለካው የግድግዳውን ግለት ነው። ኮምቦልቻ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚህ ደንብ ሲለካ የኖረ ጣቢያ እንዳላት፣ የአካባቢውን ሙቀት ለማወቅ የሚሻለው የዚያ መዝገብ እንደሆነ ጻፈ።

6ኛ። በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ልጃቸው እንደጻፈላቸው ነግረውናል። እሳቸው ስለ ዲግሪ አልጨነቃቸውም። ወሎ ውስጥ የበልግ ሙቀት ብቻውን ተነስቶ እንደማያውቅ፣ ሰው የሚጠይቀው ዝናቡ የት ቀረ ብሎ እንደሆነ ጻፉ። 1966ንና 1977ን አይተዋል። ያኔም ችግሩ የጀመረው በጋው ገፍቶ የበልጉን ወራት ሲበላ ነበር። ማስፈራራት አልፈለጉም። ነገሩን በስሙ እንድንጠራው ነው የፈለጉት። አጎቴ ስለ ሙቀቱ ያልተናገረው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

7ኛ። እዚህ ላይ ውይይቱ ሞቀ። አንድ ሰው በየዓመቱ ይሄው ወሬ እንደሚነሳ፣ መጋቢት ሁሌም እንደሚሞቅ፣ ሰዉን ባልሆነ ነገር ማሸበር ነውር እንደሆነ በቁጣ ጻፈ። 1977ን መጥራቱንም ተቃወመ። ግማሹ ልክ ነው፤ በልግ በደቡብ ወሎ ሁሌም ተለዋዋጭ ነው፣ አንድ ደረቅ ሳምንት ረሃብ ማለት አይደለም። ግን ሽማግሌ በዓይናቸው ያዩትን ሲናገሩ ሽብር ብሎ መጥራት አልተመቸኝም።

8ኛ። 4ኛው በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ቴርሞሜትሩን ከግድግዳው ነቅሎ ጓሮ፣ ከዛፍ ጥላ ስር ሰቀለው። ቀትር ላይ 27 አሳየው። በቅንነት ስህተቱን አምኖ 3ኛውን አመሰገነ። እንዲህ ዓይነት ሰው ያለበት ውይይት ያስደስተኛል።

9ኛ። ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ሁለተኛውን ጥያቄዬን የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። ደሴ ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነው። ፀሐይ በመጋቢት 12 አካባቢ ምድር ወገብ ላይ ቀጥ ትላለች፣ ከዚያ ወደ እኛ ትመጣለች። ሚያዝያ 10 ገደማ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ያን ቀን ቀትር ላይ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ስር ይገባል። ተማሪዎቻቸውን በየዓመቱ አስወጥተው ያሳዩአቸዋል። በነሐሴም ፀሐይ አናታችን ላይ ትመለሳለች፤ ያኔ ግን ሰማዩ በክረምት ዳመና ስለሚሸፈን አይሰማንም።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከዚህ ጉልበት የሚያድነን የበልጉ ዳመናና እርጥብ አፈር ነው። አፈሩ እርጥብ ሲሆን የፀሐይዋ ኃይል ትልቁ ክፍል ውሃውን በማትነን ላይ ይውላል። ደረቅ ከሆነ ግን የሚተን ነገር የለም፤ ኃይሉ በሙሉ መሬቱንና አየሩን ማሞቂያ ይሆናል። መሬቱ በደረቀ ቁጥር ይሞቃል፣ በሞቀ ቁጥር የቀረችውን እርጥበት ይጨርሳል። መምህሩ ይህን ሲጽፉ 6ኛውን አባት ጠቅሰው ትክክል መሆናቸውን መሰከሩላቸው። ሙቀቱና የዝናቡ መቅረት ሁለት ዜና አይደሉም። እኔም ከዚህ በኋላ ምላሾቹን በዚህ ዓይን ነው ያነበብኩት።

10ኛና 11ኛ። አንዱ ሁሉንም ነገር በኤልኒኖ፣ ማለትም በፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ መሞቅ፣ አሳበበ። ሌላዋ አረመችው። ኤልኒኖ በአብዛኛው የሚጎዳው ክረምታችንን ነው፤ በልጉንማ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያግዘዋል። በልጉን ሲያዳክም የሚታየው ተቃራኒው፣ ላኒና የሚባለው ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ዓመት የራሱ ጠባይ አለው። በ2007 በልጉም ከሽፎ፣ ተከትሎ የመጣው ክረምትም በኤልኒኖ ተዳክሞ አርሶ አደሩ ሁለቱንም አጥቷል።

12ኛና 13ኛ። አንድ የባቲ ሰው ሙቀቱ ከአፋር በረሃ ሽቅብ የሚነፍስ ንፋስ መሆኑን ጻፈ፤ እሱ ያለበት ቦታ በረሃው ደጃፍ ላይ ስለሆነ ይህን ቢያስብ አይገርምም። 3ኛው ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ዋናው ጥያቄ የትኛው ንፋስ እንደመጣ ሳይሆን የትኛው እንደቀረ ነው። የበልጉን እርጥበት የሚያመጣልን ከሕንድ ውቅያኖስ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚነፍሰው ነው። ማዳጋስካር አካባቢ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲበዛ እርጥበቱ ወደዚያ ይሳብና ለእኛ የሚደርሰው ይመነምናል። ውቅያኖስ ማዶ ያለ ማዕበል የኩታበርን ገብስ ሊያደርቅ እንደሚችል ማሰብ ደንቆኛል።

ከ14ኛ እስከ 19ኛ። እዚህ ከርዕስ ወጣን። አንዱ የጦሳን ዛፍ መቆረጥ አነሳ። ሌላው ጦሳ ላይ ያለው ባህር ዛፍ ራሱ ምንጩን እንደጠጣው ጻፈ። ሦስተኛው ባህር ዛፉ ባይኖር ኖሮ ተራራው ራቁቱን ይቀር እንደነበር፣ ስንት ቤት በእሱ ማገዶና ማገር እንደቆመ በንዴት መለሰ። ስድብ ቀረሽ ነበር። 18ኛው ላይ ጭራሽ ደሴና ኮምቦልቻ የትኛዋ ለኑሮ ትሻላለች ወደሚል ክርክር ገቡ። ይህን ሁሉ ማውራት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ ሰፈር ያቀዘቅዛል፣ ጎርፍ ይይዛል፤ ጽድና ወይራ ጦሳ ላይ ቢበዙ ከልቤ እመኛለሁ። ለሦስት ሳምንት ጥርት ያለውን ሰማይ ግን ባህር ዛፉ አላመጣውም።

20ኛ። ያችው 1ኛዋ፣ ባለ ሱቋ እህት ናት። ሁሉንም አብሽሩ ብላ ወደ ጉዳያችን መለሰችን። ደሴ ያለው ሰው ኮምቦልቻ እናት፣ ኮምቦልቻ ያለው ደሴ ወንድም እንዳለው አስታወሰች። ክርክሩ በዚህ በረደ።

21ኛ። ኮምቦልቻ የምትሠራ ነርስ ናት። እባካችሁ ይህን ለቤተሰብ ንገሩ። ሙቀት ቶሎ የሚጎዳው ሕፃናትን፣ አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ፀሐይ ላይ ጉልበት የሚሠሩትን ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ብዙ ላብ ከታየ ሰውየውን ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ ውሃ ቀስ እያሉ ማጠጣት ያስፈልጋል። ንግግሩ ከተምታታበት፣ ራሱን ከሳተ፣ ሰውነቱ ከጋለ ግን ውሃ እየረጩ ወዲያው ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም።

የወባንም ነገር አነሳች። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ኮምቦልቻ እዚያ ውስጥ ናት። የወባው ተህዋሲ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ከ16 ዲግሪ በታች አያድግም። ስለዚህ የሚሞቅ ሌሊት ያግዘዋል። በረንዳ ላይ የሚተኙት ያለ አጎበር እንዳይተኙ ለመነች። 2ኛው ወጣት ወዲያው አጎበሩን እንደሚሰቅል ጻፈላት፤ እሱ 22ኛው ነው።

23ኛ። ግንበኛ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ቀን ምድጃ ይሆናል። አቅም ያለው ኮርኒስ ይሥራ፣ የሌለው በማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን ከስር ይጋርድ። ቆርቆሮውን ነጭ መቀባት ግለቱን ይቀንሳል። ቀን ፀሐይ በሚመታው በኩል መስኮትና መጋረጃ ተዘግቶ ይዋል፣ ማታ ሁሉም ይከፈት። ለእናቴ ነገርኳት። የምዕራቡን መስኮት ስትዘጋ የመኝታ ክፍሏ እንደተሻላት ነገረችኝ።

ከ24ኛ እስከ 26ኛ። አንዲት እናት በሰፈራቸው ሙስሊሙ ዱአ፣ ክርስቲያኑ ምህላ መያዙን ጻፉ። አንድ ሰው በዚህ ዘመን ዝናብ በጸሎት ይመጣል ወይ ብሎ በሻካራ ቃል መለሰላቸው። 6ኛው አባት ዝም አላሉም። ዱአው ከዝናብ በፊት ሰውን ከሰው እንደሚያገናኝ፣ ማን ምን እንደጎደለበት የሚታወቀውም እዚያ ሲሰበሰቡ እንደሆነ አስረዱ። በክፉ ቀን ወሎ ውስጥ እህል ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሄደው በዚያ መንገድ ነው። ሰውየው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። የሚጸልይ ሰው ትንበያውንም ያዳምጣል፤ አጎቴ ሁለቱንም ያደርጋል።

27ኛ። የመጨረሻ ጥያቄዬን የመለሰው ይህ ነው፣ ያው 3ኛው ልጅ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ በመካከል የወርና የ10 ቀን ትንበያ አለ። ችግሩ አነባበባችን ላይ ነው። ትንበያው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ ይከፍላል። መደበኛ የሚባለው የ30 ዓመት መዝገብ ነው። ምንም ፍንጭ ባይኖር ሦስቱም እኩል 33 ከመቶ ይደርሳቸዋል። ካርታው ላይ ለአካባቢያችን ከመደበኛ በታች 45 ከመቶ ቢባል በልግ የለም ማለት አይደለም። ድርቀቱ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያመዝናል፣ ሆኖም 55 ከመቶ ያህሉ በሌላው በኩል አለ ማለት ነው። መደበኛ ይሆናል ቢባልም ዝናቡ በየሳምንቱ ተከፋፍሎ ይመጣል ማለት አይደለም። የወሩ ዝናብ በሁለት ቀን ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ቢሄድ ድምሩ መደበኛ ነው፣ ለገብሱ ግን ምንም አልሠራለትም።

ምክሩ ቀላል ነው። ሩቁን ከወቅቱ ትንበያ፣ ቅርቡን ከ10 ቀኑ መስማት፤ ኮምቦልቻ ያሉትን ባለሙያዎችና የቀበሌ የግብርና ባለሙያን መጠየቅ፤ ስልክ ላይ የ14ኛውን ቀን ዝናብ አይቶ ዘር አለመበተን። በአሁኑ ሁኔታ ደቡብ ምሥራቁ ንፋስ ትንሽ መንቀሳቀሱን፣ ከሰዓት በኋላ እዚህም እዚያም ካፊያ ሊኖር እንደሚችል፣ ሙቀቱ ግን መሬቱ በደንብ ሳይርስ እንደማይበርድ ግምቱን ሰጠ። ቃል አልገባም። ይህን ወደድኩለት።

28ኛ። የቃሉ አርሶ አደር ልጅ ነው። ነገሩን ወደ መሬት አወረደው። ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያ ዝናብ ነው። ሚያዝያ ካለፈ አባቱ ማሽላውን ትተው የክረምቱን ይጠብቁና ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራሉ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ማሽላው እህል ብቻ አይደለም፤ አገዳው የከብት መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው። ደጋው ገብሱን ሲያጣ ቆላው ማሽላውን ያጣል። ከተማ ያለነው ይህን የምናውቀው ከወራት በኋላ፣ የገበያ ዋጋ ሲነግረን ነው።

ከ29ኛ እስከ 32ኛ። ስለ ውሃ ፈረቃ ነው። ሁለት ሳምንት ጀሪካን ይዞ የዋለ ሰው ምሬቱን አፈሰሰ። ሮቶ ያላቸው ለጎረቤት እንዲያካፍሉ አንዲት ሴት ጠየቀች፣ አንዱ ሮቢት አካባቢ ላሉ ሰዎች ጓሮውን ከፍቶ እንደሚቀዳ ጻፈ። 7ኛው ተቆጪም እዚህ ብቅ አለ። ስለ ቁጣው ይቅርታ ባይጠይቅም እሱ ሰፈር ያለው ምንጭ መመንመኑን አመነ። ለእኔ ይህ በቂ ነው።

33ኛ። መምህሩ ሚያዝያ 10 ቀትር ላይ ጥላችሁን ለኩ ብለው አስታወሱን። ልጆቼን አስወጣለሁ።

34ኛ። የመጨረሻው ከኩታበር ነው፤ የአጎቴ ጎረቤት ልጅ። ትናንት ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ካፊያ ጥሏል። ሰዉ ከቤት ወጥቶ ቆሞ ነበር፣ ሕፃናት እየዘለሉ። ዝናቡ ሲያባራ አጎቴ ማሳው ውስጥ ገብቶ አፈሩን በጣቱ ጫር አደረገው። እርጥበቱ አንድ ጣት አልዘለቀም። ከስር ያው ደረቅ ነበር። ገብሱ ግን ቀና ብሎ አድሯል።

እስኪ ከወረኢሉ፣ ከለጋምቦ፣ ከተሁለደሬ፣ ከአልቡኮ ያላችሁ ጻፉልን። ስንት ዲግሪ ሆነ አትበሉን። ዝናብ ጥሎላችሁ ከሆነ አፈሩ ስንት ጣት እንደራሰ ንገሩን። እኔ ቅዳሜ ኩታበር እወጣለሁ፤ ያየሁትን 35ኛ ላይ እጽፋለሁ።